የውባለም አፍ

በአገራችን ጨዋ ሴት አትበላም፤ ይበላላታል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። እኛ ግን ስንወለድ ያገኘነው ሥርዓት ስለሆነ የሚያስቅም የሚያስቆጣም ነገር አይታየንም ነበር። አገሪቱ የት እንዳለች አልናገርም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ባያውቃት የሚቀርበት ነገር የለም።

አንዲት ልጅ አድጋ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ሲጠብባት ወላጆቿ አፍ ይቀጥሩላታል። አፍ ማለት ከድሃ ቤት የምትመጣ፣ ጥርሷ የተሟላ፣ ሆዷ የማይታወክ፣ በዕድሜም ከልጅቱ ጋር የምትቀራረብ ሴት ናት። በማዕድ ጊዜ ከእመቤቷ በስተግራ ትቀመጣለች። ለእመቤቷ የተጠቀለለውን ጉርሻ እሷ ትጎርሳለች፤ አጉራሹ "በሞቴ" ሲል እሷ ትደግማለች፤ ወጡ ቢያቃጥል እሷ ታለቅሳለች። ማዕዱ ሲነሳ እመቤቲቱ "ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ታመሰግናለች፤ አፏ ደግሞ እጇን ትታጠባለች። አፏ ቶሎ የምትጠግብባት ሴት ኩሩ ናት ተብላ ትታማለች።

የዚህ ሁሉ ሥር ድልድዩ ነው። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለ፤ በላዩ ላይ አባቶቻችን ያቆሙት የሸምበቆ ድልድይ ተዘርግቷል። ክረምት በወጣ ቁጥር ለማግባት የደረሱ ልጆች አንድ በአንድ ይሻገሩታል። ከማዶ በኩል የድልድይ አድማጩ አቶ ፈንታ ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ ለጥፈው ይቀመጣሉ። ሸምበቆው ድምፅ ካላሰማ እጃቸውን አንስተው "ዝም አለላት" ይላሉ፤ እልልታው ይቀልጣል። ሲጢጥ ካለ ደግሞ "ጮኸባት" ይላሉ፤ ያቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጭነት ከተሸከሙ አህዮች ጋር በመልካው ውሃ ውስጥ ትሻገራለች፤ ሽማግሌም አይላክባትም።

ድልድዩ ከተሠራ ጀምሮ ተጠግኖ አያውቅም። "ምስክር አይጠገንም" ይላሉ ትልልቆቹ። ስለዚህ ሸምበቆው በየዓመቱ ይደርቃል፣ ማሰሪያውም ይላላል። አቶ ፈንታም በየዓመቱ "የዘንድሮ ልጆች ከበዱ" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ መንገደኛ ግንበኛ ሸምበቆውን ለምን እንደማንቀይረው ቢጠይቅ ባለጌ ተብሎ ተመልሷል።

ታዲያ ሴቶቻችን እንዴት በሕይወት ቆዩ? መልሱ ያለው ማጀት ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው መቅመስ አለባት፤ ቅምሻ ደግሞ መብላት አይደለም። በእኛ ከተማ እንደሚቀመሰው ያህል ወጥ በየትም አገር አይቀመስም። የማጀቱን በር ዘግታ፣ ጭልፋ ይዛ፣ ድስቱ እስኪጋመስ ድረስ ጨው የምትፈልግ የቤት እመቤት ብዙ ናት። ባሏ ወጡ ለምን እንዳነሰ አይጠይቅም፤ እሷም አትናገርም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ይኸው ነው። ይህን ለሴት ልጅ የሚነግራት የለም። ራቧ ሲጠና ራሷ ትደርስበታለች፤ ከደረሰችበት በኋላም እንደ እናቷ አፏን ትይዛለች።

ውባለም ግን አልደረሰችበትም። አባቷ በልጅነቷ ሞተውባት እናቷ ወይዘሮ አምሳለ ያሳደጓት አንድ ልጅ ናት። ጥልፍ የምትጠልፍ፣ የተነገራትን የምታምን፣ ያመነችውንም እስከ ጥግ የምትፈጽም ልጅ ነበረች። "በሩን የምዘጋው ጭሱ እንዳይወጣ ነው" ካሏት፣ እንዳይወጣ ነው። የሌላው ሰው ልጅ ሕጉን ሰምታ ግማሹን ትተዋለች፤ ውባለም ሕጉን ሰምታ ከራሷ ትጨምርበታለች።

አፏ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ከወንዙ ማዶ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሠፈር የመጣች፣ ሳቅ የሚቀናት ልጅ ነበረች። ሁለቱ አብረው አደጉ። ማንጠግቦሽ በውባለም ስም የማትበላው ነገር አልነበረም፤ በራሷ ስም ግን ምንም አትበላም። አፍ ለራሷ ከበላች ስርቆት ነው፤ ሆዷ ተቀጥሯልና።

በመጀመሪያው ዓመት ድልድዩ ለውባለም ዝም አለላት። በሁለተኛው ዓመት መሀል ላይ ስትደርስ አንድ ሸምበቆ አጉረመረመ። አቶ ፈንታ ጆሯቸውን ከምሰሶው አላቀቁና ለጥቂት ጊዜ አሰቡ።

"ትንሽ ተነፈሰ" አሉ በመጨረሻ። "ለዘንድሮ እናልፈዋለን።"

ወይዘሮ አምሳለ ወደ ቤት ሲመለሱ ልጃቸውን አጽናኗት። "ግድ የለም ልጄ፣ ትንሽ ነው እኮ ያሉት" አሏት። ውባለም ከዚህ ሁሉ የሰማችው ትንሽ የሚለውን ነበር። ትንሽ ነገር ሊቀነስ ይችላል።

እስከዚያ ቀን ድረስ እሷም ወጥ ስትሠራ ሳታስበው ጭልፋውን ትልስ ነበር። ከዚያ በኋላ ተወችው፤ ጨውን በሽታው መለየት ለመደች፣ ተሳሳተች የሚላትም አልተገኘም። ቀሚሷ ሰፋትና አጠበበችው፤ ከወር በኋላ እንደገና አጠበበችው። መንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ "እንዴት አማረብሽ! ምን አግኝተሽ ነው?" ይሏት ጀመር። ደስ አላት። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ሰው ሁሉ የሚሸነፍለትን ነገር ብቻዋን ያሸነፈች መስሏት ነበር።

ብርዱ ከዚያ በኋላ መጣ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። ፀጉሯ በማበጠሪያው ይወጣል። ጥልፉ ላይ መርፌው እየሳተ ጣቷን ይወጋታል። የወር አበባዋ ሲቀር አክስቷ ሰምተው "ተባረከች፣ ጣጣ ቀረላት" አሉ። ምግብ ግን ከሐሳቧ አይጠፋም። የማትበላውን ድግስ በልቧ ትደግሳለች፤ ቤቱ ውስጥ ከሷ የተሻለ ወጥ የሚሠራ አልነበረም። በማዕድ ጊዜ የማንጠግቦሽን መንጋጋ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች።

"ቀስ ብለሽ አላምጪ" ትላታለች። "ያንን ደግሞ ከአይቡ ጋር አድርጊው።"

ማንጠግቦሽ ከአይቡ ጋር ታደርገዋለች። ውባለም ዓይኗን ጨፍና ትውጣለች፤ ግን ምራቋን ነው።

ወንዝ ስትወርድ ውሃው ውስጥ የምታያት ሴት ወፍራም ነበረች። ያችን ሴት ከእሷ በቀር ያያት የለም።

ወይዘሮ አምሳለ መጨነቅ የጀመሩት የልጃቸው አንገት ሐብል መሸከም ሲያቅተው ነው። እናት ናቸውና ልባቸው ተሰበረ፤ የሚያውቁትንም መላ ሁሉ ሞከሩ።

"ማንጠግቦሽ፣ ልጄ እየከሳች ነው" አሉ። "ምን ነክቶሽ ነው? ጨምሪ እንጂ።"

ማንጠግቦሽ ጨመረች። ጠዋት ገንፎ፣ ረፋዱ ላይ ቂጣ በማር፣ ቀትር ላይ ሁለት ጊዜ ማዕድ። ውባለም ባሰባት። ማንጠግቦሽ እንደገና ጨመረች። የምትቀመጥበት ዱካ ተሰብሮ ሌላ ተገዛ። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፤ አንዳንዴም እየጎረሰች ታለቅሳለች፤ የሚያያት ሁሉ በርበሬው ነው ይላል።

ሐኪም ላቀው ተጠሩ። የተማሩ ሰው ናቸው። የውባለምን የእጅ ትርታ ያዙ፣ ምላሷን አዩ፣ የዓይኗን ሽፋን ገለበጡ፣ ከዚያም "ነገሩ ከምግብ ማነስ ነው" አሉ። ቤተሰቡ ምክንያቱ በመታወቁ እፎይ አለ። የአጥንት ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቅቤ የበዛበት አጥሚት ሳይቋረጥ ይሰጥ ብለው አዘዙ። ማንጠግቦሽ ሳታቋርጥ ወሰደች። ሐኪሙ ሲመለሱ ማንጠግቦሽን ብርሃን ላይ አቁመው ጉንጯን ጫን ጫን አደረጉ።

"ድንቅ ነው" አሉ። "ሰውነት እንዲህ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። እንኳን ደስ አለዎት ወይዘሮ አምሳለ።"

ውባለም ይህን የሰማችው አልጋ ላይ ሆና ነው። እሷም እንደ ወጉ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

ክረምቱ ወጣ። እናቷ ዘንድሮ ይቅርብሽ ቢሏት አልሰማችም። ሁለት ሴቶች ደግፈው ወንዙ ዳር አደረሷት። ድልድዩ ላይ ስትወጣ አንድም ሸምበቆ አልተንቀሳቀሰም። አቶ ፈንታ ምሰሶው ራሱ የለም እስኪመስላቸው ድረስ ምንም አልሰሙም። ዕንባቸው መጣ፤ ከአባታቸው ሹመቱን ከወረሱ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝምታ አልገጠማቸውም። እናቶች ልጆቻቸውን ከፍ አድርገው "እዪያት፣ እንደ እሷ ሁኚ" ይሉ ነበር። ውባለም መሀል ላይ ስትደርስ ዓለም ጨለመባትና ወደቀች።

አራት ጎረምሶች ሮጠው ድልድዩ ላይ ወጡና ተሸክመዋት ተመለሱ። ሸምበቆው ከዳር እስከ ዳር ጮኸ፤ ገበያው ድረስ ተሰማ። አቶ ፈንታ ግራ ተጋቡ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሕጉን አነሡ። ሕጉ "ሴቲቱ በላዩ ሳለች ድልድዩ ቢጮህ ጮኸባት" ይላል፤ በእግሯ ትሁን በሸክም አይልም።

"ጮኸባት" አሉ አቶ ፈንታ፣ እያዘኑ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ውባለም ፍርዱን የሰማችው በጎረምሶቹ ትከሻ ላይ ሆና ነው። በኋላ እንደነገረችኝ በዚያ ሰዓት እሞታለሁ ብላ አላሰበችም። ያሰበችው ነገ ከምን እቀንሳለሁ ብላ ነው። የሚቀነስ ነገር ደግሞ አልነበራትም።

በማግስቱ ቀትር ማዕዱ በውባለም አልጋ አጠገብ ቀረበ። ማንጠግቦሽ በስተግራ ተቀመጠች። ወይዘሮ አምሳለ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉላት። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"እትዬ፣ ከእንግዲህ አልበላላትም" አለች።

"አመመሽ እንዴ?"

"አላመመኝም።"

"ከቤቴ ምን ጎደለብሽ? በእጄ አይደል እንዴ ያሳደግኩሽ? ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው!"

"አዎ፣ በእጅዎ አጉርሰውኛል" አለች ማንጠግቦሽ። "እኔን ነው ያጎረሱት እትዬ። እሷን አይደለም።"

"ታዲያ ማን ይብላላት? ልጄ ትሙት?"

"አፍ አላት እኮ። ያውና፣ ከአፍንጫዋ በታች።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ነገሩ ከተማውን አዳረሰው። አፍ ስትታመም ታይቷል፣ ስትሞትም ታይቷል፤ አልበላም ስትል ግን ማንም አላየም። ሽማግሌ መጣ፣ ተለመነች፣ ተገዘተች። ወይዘሮ አምሳለ ሌላ አፍ ቢፈልጉ ድልድይ ለጮኸባት ልጅ የሚቀጠር ጠፋ። ማዕዱ በውባለም ፊት ቀርቦ፣ ማንም ሳይነካው ቀዝቅዞ ይነሳ ጀመር።

ውባለም በመጀመሪያ እፎይ ብላ ነበር። የምታየው መንጋጋ ባይኖርም፣ የሚያስገድዳትም አልነበረም። ነገር ግን እናቷ የአጥሚት ማንኪያ ይዘው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ማንኪያው ሲቀርብ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች። አንድ ጊዜ ብትውጥ ድልድዩ ከዚያ ሆኖ የሚጮህ ይመስላት ነበር። እምቢተኛ አልነበረችም፤ ፈርታ ነበር። እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ማንኪያ ሲፈራ አይቼ አላውቅም።

ማንጠግቦሽ ሥራዋን ለቃ ሽንኩርት ትቸረችር ጀመር። ቀን ቀን ግን እየመጣች ከአልጋው አጠገብ ትቀመጣለች።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሥራሽን ትተሽ የለም?" አለቻት ውባለም።

"ትቻለሁ። አሁን የመጣሁት ልጠይቅሽ ነው።"

"እንግዲያው አንድ ጊዜ ብቻ ብይልኝ። እማዬን አሳርፊያት፣ እኔም ልረፍ።"

ማንጠግቦሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ሳልራብ ስበላ ነው ያደግኩት" አለች። "ራብ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አንቺ ጋ ነው ያለው እሱ። አንቺ ደግሞ ጥጋብን በስሙ ብቻ ነው የምታውቂው። አልበላልሽም ውባለም። ብትጠይኝም አልበላልሽም።"

ውባለም ጠላቻት። ፊት ለፊቷ ነገረቻት። ማንጠግቦሽ በማግስቱም መጣች።

ከዚያ አንድ ቀን የዳቦው ሳህን ባዶ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱም እንደዚሁ። ወይዘሮ አምሳለ በደስታ ጎረቤቱን ሁሉ አመሰገኑ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጉንዳን በመደዳ ወደ አልጋው ሲሄድ አዩ። ፍራሹን ቢያነሱት ዳቦው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ተቆራርሶ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ወይዘሮ አምሳለ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

"እኔስ?" አሉ። "እኔስ የት የምበላ ይመስልሻል?"

"አንቺማ አትበዪም።"

"ልጄ፣ ሰው ሳይበላ ፀጉሩ ይሸብታል? የማጀቱን በር የምዘጋው ለምን ይመስልሻል?"

"ጭሱ እንዳይወጣ ነው ብለሽኝ ነበር።"

"ጭስ እንዳይወጣ በር የሚዘጋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ውባለም ከአልጋዋ ቀና አለች፤ ይህን ያህል ጉልበት እንዳላት እሷም አታውቅም ነበር።

"ሁልጊዜ?" አለች።

"ሁልጊዜ። አክስትሽም፣ የአቶ ፈንታ ሚስትም፣ ሁላችንም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እናቴም አልነገረችኝ" አሉ ወይዘሮ አምሳለ። "ትደርስበታለች ብዬ ነው።"

ውባለም ተቆጣች። ማንም የማይጠብቀውን ሕግ ስትጠብቅ ልትሞት ነበር፤ ይህን ሲያዩ ደግሞ ጨዋ ብለዋት ነበር። እየጮኸች አለቀሰች፣ ዳቦውንም አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ወይዘሮ አምሳለ ተነሡና ወደ ማጀት ገቡ፤ አንድ ሳህን ቅንጬ ይዘው ተመለሱ። በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ሁለቱንም መዝጊያ ከፈቱት። ከዚያ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው መብላት ጀመሩ።

ካደጉ ጀምሮ ሰው እያያቸው አንድ ጉርሻ ውጠው አያውቁም። እንደ ሌባ ቶሎ ቶሎ ጎረሱ፣ አገጫቸው ላይ ቅቤ ፈሰሰ፣ ከእፍረት የተነሳ ጆሯቸው ቀላ። በመንገድ የምታልፍ ጎረቤት በመስኮቱ አየቻቸውና ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሆኖም እርምጃዋን አላፈጠነችም። ውባለም የእናቷን መንጋጋ አየች። ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። እናቷ ስታላምጥ አይታ የማታውቅ መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

"ቀስ በዪ እማዬ" አለች፣ እንደ ልማዷ።

ወይዘሮ አምሳለ ቀስ አሉ። ከሳህኑ ጠርዝ ትንሽ ቅንጬ በጣታቸው አንስተው ዘረጉላት። "በሞቴ" አላሉም፤ አስበውት ነበር፣ ግን ፈሩ። ውባለም አፏን ከፈተች። አላመጠችው፣ አላመጠችው፣ ብዙ ቆይታ ዋጠችው። ከዚያ ጉልበቷን አቅፋ ወለሉን እያየች ተቀመጠች። ከድልድዩ በኩል ምንም አልተሰማም።

ተረት ቢሆን ኖሮ ዳነች ብዬ እዚህ ላይ እጨርስ ነበር። በማግስቱ ግን አፏን አልከፈተችም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ማንኪያ ዋጠችና ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትረግም ዋለች። ሕጉ ውሸት እንደሆነ ታውቃለች፤ ማወቅና መጉረስ ግን ለየቅል ናቸው። ትንሽ መብላት ስትጀምር እግሯ አበጠ፤ "አያችሁ፣ ወፈርኩ" ብላ ጮኸች። ሐኪም ላቀው መጥተው የረጅም ራብ ጣጣ መሆኑን፣ እንደሚያልፍም አስረዷት፤ ስትበላም በዓይናቸው ተመለከቱ። በዚህ ጊዜ ያዩት ትክክለኛዋን ልጅ ነው። አንዳንድ ሳምንት ወደ ፊት ትሄዳለች፣ አንዳንድ ሳምንት የፍራሹ ሥር እንደገና ይፈተሻል። ወይዘሮ አምሳለ ሲሰለቻቸው ይቆጣሉ፣ ከተቆጡ በኋላ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ መስኮቱን ከፍተው ይበላሉ።

ማንጠግቦሽ በበኩሏ አንድ ቀን ፊቷ ገርጥቶ መጣች።

"ታምሜያለሁ መሰለኝ" አለች። "ሆዴን አንድ ነገር ይቧጥጠኛል። ራሴንም ያዞረኛል።"

ውባለም በጥንቃቄ ጠየቀቻት፦ የት ጋ ነው፣ መቼ ጀመረ፣ ሽታ ሲሸትሽ ይብሳል ወይ።

"ራብ ነው" አለቻት። "እመኚኝ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።"

ያን ቀን ሁለቱ ሳቁ። ውባለም ከሳቀች ዓመት አልፏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ ማንጠግቦሽ ከገበያ ስትመለስ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ አንዷ ሌላዋን ሳትጠብቅ አትጀምርም ተባባሉ። ማንጠግቦሽ የራሷን ድርሻ ብቻ ትበላለች፤ ከውባለም ፊት አንዲት ምስር እንኳ አታነሳም። ውባለም ብዙ ቀን ድርሻዋን በጣቷ ስታንከባልል ቆይታ በግድ ትጨርሳለች። እንደ ሥራ ነበር የምትበላው፤ ጠዋት ተነስቶ ድንጋይ ለመፍለጥ እንደሚወጣ ሰው።

ከተማው? ከተማው ደህና ነው። አቶ ፈንታ አሁንም ያደምጣሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሸምበቆው ሳይነካ የሚሰማ ረዳት ተሹሞላቸዋል። አንዳንድ ቤት ግን ማጀቱ በቀን ክፍት ሆኖ ይታያል። እኛም አላየንም እንላለን።

አንድ የገበያ ቀን ማንጠግቦሽ ዘገየች። ሽንኩርቱ አልሸጥ ብሏት፣ ደመናውም ከብዶ ነበር። ውባለም ትሪውን ከድና ጠበቀች። ወይዘሮ አምሳለ ለቅሶ ቤት ሄደዋል፤ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። በር ላይ ወጥታ መንገዱን አየች። ተመልሳ ጥልፏን አነሳች፣ አስቀመጠችው። እንደገና ወጣች።

ማንጠግቦሽ ዝናብ ሲያካፋ እየሮጠች ደረሰች።

"ይቅርታ፣ አቆየሁሽ" አለች እያለከለከች። "ራብ ሊደፋኝ ነው፣ ቶሎ እንብላ።"

የትሪውን ክዳን አነሳችው። ምንም አልነበረበትም፤ የወጡ ምልክት እንኳ በእንጀራ ተጠርጎ አልቋል። ክዳኑን ጥላ ወደ አልጋው ሄደችና ፍራሹን ገለጠች። ምንም የለም። የመስኮቱን ሥር አየች፤ ጓሮ ወጥታ ቆሻሻ መጣያውን ረገጥ ረገጥ አደረገች።

"አትልፊ" አለች ውባለም ከበሩ። "የትም አልደበቅኩትም።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

"ጠበቅኩሽ፣ ጠበቅኩሽ፣ ቀረሽ። ራበኝና በላሁት።"

ማንጠግቦሽ ዝናቡ ላይ እንደቆመች ቀረች። "ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"የእኔንም ድርሻ?"

ውባለም አንገቷን ደፋች። ጓደኛን ሳይጠብቁ መብላት በየትኛውም አገር ነውር ነው፤ በጣም አፍራ ነበር።

"ረሳሁሽ" አለች።

ማንጠግቦሽ ገብታ ባዶውን ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ሆዷ በራብ ይጮህ ነበር፣ ከነጠላዋም ውሃ ይንጠባጠባል። እንዲህ ደስ ያላት ቀን እንደሌለ ነግራኛለች። ዕንባዋን ጠረገች፤ ከዚያ ተነስታ ለራሷ የሚበላ ልትሠራ እሳት አያያዘች።